በትርሲት አንደበት ላይ የወደቀው ግዝት

ይህን ታሪክ ከነሥሩና ከነቅርንጫፉ ያቀበሉኝ የመምሬ ፀሐዬ ባለቤት እመት ትኩነሽ ናቸው፤ እርሳቸውም ከባለቤታቸው አፍ ተቀብለው ነው። የቀረውን፣ ከወይዘሮ አልጣሽ ግቢ የሚለየኝ አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ቅንጭብም ፍየል ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ዐይን ስለማይከለክል፣ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ሐሜት ኃጢአት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ስለዚህም የምጽፈው ያየሁትንና ከታመነ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ስለ ግራዝማች ውብሸት ሁለተኛ ሚስት የመጀመሪያ ባል የሚወራውን፣ ለምሳሌ፣ አላነሣም።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እርቅ ከመሥዋዕት እንደሚቀድም መጽሐፍ ይናገራል፣ አበውም ይመሰክራሉ፤ የተለያየውን ያገናኛል፣ የፈረሰውን ይጠግናል፣ በቂምና በበቀል የነደደውን ልቡና እንደ ማለዳ ጠል ያበርዳል። ነገር ግን የእርቅ ክብሩና ልዕልናው ለተበደለው ፍትሕን፣ ለበደለው ንስሐን ሲያስገኝ ነው እንጂ፣ ለአስታራቂው ጥሩ እንቅልፍ ሲያስገኝ አይደለም። ስብራቱን ሳይዳብስ የሚያሥር ወጌሻ ከውጭ ላየው ያሠረ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን ከውስጥ ጠምሞ ይገጥማል፤ ጠምሞ የገጠመውንም ለማቅናት እንደ ገና መስበር ያስፈልጋል። ወላጅና ትምህርት ቤት ለአንድ ሕፃን ሁለት ክንዶቹ ናቸው፤ እነዚያ ሁለት ክንዶች እርስ በርስ ለመከባበር ተጣጥፈው የተቀመጡ ዕለት፣ ሕፃኑ በማን እቅፍ ይገባል?

ዘመኑ ንጉሥ በዙፋኑ፣ ግራዝማች በበቅሎው የነበሩበት ዘመን ነው። በቀጨማ በር ሰፈር ወይዘሮ አልጣሽ የምትባል፣ እጇ የጣፈጠ፣ አንገቷን የደፋች ጠላ ጠማቂ ነበረች። ባሏ ዘርጋው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ከልኩ ያለፈ ሰው አክባሪ፣ ባለ ካባ በመንገድ ሲያልፍ መርፌውን በከንፈሩ እንደ ያዘ ብድግ የሚል ሰው። ለእነዚህ ለሁለቱ እግዚአብሔር አንዲት ልጅ ሰጥቷቸው ነበር፤ ስሟን ትርሲት አሏት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ትማራለች፤ ቃል ከአስተማሪ አፍ ወጥቶ መሬት ሳይነካ የምትቀልብ፣ ጭምት፣ ብሩህ ልጅ ነበረች። አባትና እናቷ ከጋንና ከመርፌ ሌላ የሚያወርሷት አልነበራቸውምና፣ የሁለቱም ጸሎት አንድ ብቻ ነበር፤ ይህች ልጅ የጀመረችውን ትምህርት እስከ መጨረሻው እንድትዘልቀው። በዚያው ክፍል ደግሞ የግራዝማች ውብሸት ልጅ የወርቅውሃ ትማር ነበር። ግራዝማች የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበርና የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነበሩ፤ ስለዚህ በከተማው ከመሬትም ከሰማይም በኩል የእርሳቸው ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። የወርቅውሃ እናቷ በሕፃንነቷ የሞተችባት፣ በእንጀራ እናት እጅ ያደገች፣ ክፍሉን የደገመች፣ ቁመቷ ከእኩዮቿ የላቀ፣ ምላሷ ከቁመቷ የረዘመ ልጅ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው፤ ክፉ ነገር ሲጀምር ሁልጊዜ የቀልድ ልብስ ይለብሳልና። ትርሲት በክፍሉ በር ስትገባ የወርቅውሃ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትይዝና «አተላ መጣች፤ ላም ያላችሁ አቅርቡ» ትላለች። ትርሲት ለጥያቄ እጇን ስታወጣ «ብብትሽን ክደኚው፤ ጌሾው ፈላ» ትላለች። ተከታዮቿም ይስቃሉ፤ ያልሳቀችው ነገ የእርሷ ተራ እንዳይሆን ትስቃለች። በኋላ ግን ዘፈን አወጡላት። በዕረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው መካከል ያስገቧትና አንዲቱ «አባትሽ ማነው?» ስትል፣ የቀሩት እያጨበጨቡ «የጠጣው ሁሉ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ትርሲት ይህን ዘፈን ለብዙ ጊዜ በልቧ ተሸክማው ስትመላለስ ቆይታ፣ አንድ ቀን እናቷ ጠላ ስትጠልል አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «እማዬ፤ የአባቴ ልጅ ነኝ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ማጥለያው ከአልጣሽ እጅ ወደቀ። ጠላው ግቢውን አልፎ በአጥሬ ሥር እስኪመጣ ድረስ ማጥለያውን አላነሣችውም።

በማግስቱ አልጣሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወደ አቶ ልሳነወርቅ ሄደች። ይህ ሰው ገና ጎልማሳ፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ከረባቱ የማይዛነፍ፣ ከሁሉም በላይ ጠብ የሚጠላ ሰው ነበር፤ ጠብ የሚጠላ ሰውም ሁልጊዜ የሰላም ወዳጅ ነው ማለት አይደለም።

«ጌታዬ፤ የእኔ ይቅር» አለችው፤ «ጠላ መጥመቄ እውነት ነው። ልጄን ግን አባት ነሷት።»

«ወይዘሮ አልጣሽ፤ የልጆች ነገር ነው። ጧት ይጣላሉ፣ ማታ ይጫወታሉ።»

«ማታ እኔ ቤት ነው የምትሆነው ጌታዬ። ስትጫወት አላየኋትም።»

«እንግዲህ ክስ ከሆነ የሚቀርበው ለኮሚቴው ነው።»

«የኮሚቴው ሊቀ መንበር ማን ናቸው?»

ዲሬክተሩ ከረባቱን አስተካከለ። «ለዚህ እኮ ነው በሽምግልና ቢያልቅ የምለው» አለ።

ግራዝማች ውብሸት ነገሩን በሰሙበት ቀን የግቢያቸውን በር ወለል አድርገው አስከፍተው፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ፣ የወርቅውሃን በአለንጋ ገረፏት። እኔም ከገበያ ስመለስ በዚያ አልፌ አይቻለሁ፤ ሲገርፏት «ስሜን፤ ስሜን» ይሉ ነበር እንጂ «ምን አደረግሽ? ስለምን አደረግሽ?» ብለው አልጠየቋትም። ልጅቷም አላለቀሰችም፤ ዐይኗን ወደ መንገዱ ተክላ የሚያዩዋትን ሰዎች አንድ በአንድ ታይ ነበር። ሰው ሁሉ «ግራዝማች ለልጃቸው እንኳ አያዳሉም» እያለ አመሰገናቸው፤ በዚያም ሳምንት ሽምግልናው በዲሬክተሩ ቢሮ ተቀመጠ።

በቢሮው ውስጥ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ላይ፣ መምሬ ፀሐዬ ከነመስቀላቸው በመካከል፣ ሁለቱ ልጆች ቆመው፣ አልጣሽ ከበሩ አጠገብ፣ ዘርጋው ደግሞ ከግራዝማች ጎን በወንበር ላይ ነበሩ። ዘርጋው በዕድሜው ከባለ ካባ ጎን ተቀምጦ አያውቅም ነበርና በወንበሩ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ እጁን በጉልበቱ መካከል አጥብቆ ያዘ። ግራዝማችም ወደ እርሱ ዘወር ብለው «ወንድሜ ዘርጋው፤ ልጅህ ልጄ ናት፣ ልጄም ልጅህ ናት። ከዛሬ ጀምሮ በማኅበራችን አንተም ጽዋ ትቀበላለህ» አሉት። እመት ትኩነሽ እንዳሉኝ፣ መምሬ በኋላ ሲያስታውሱት፣ ያች «ወንድሜ» የምትል አንዲት ቃል የዘርጋውን ፊት እንደ ፋኖስ አበራችው፤ ከዚያም በኋላ ያ ሰው ስለ ልጁ አንድ ነገር ለመናገር አልቻለም፤ ደስታው አፉን ሞልቶት ነበርና። ልጆቹ ተሳሳሙ። ትርሲት «ይቅር ብያለሁ» አለች፣ በይ ስለ ተባለች። የወርቅውሃም «አልደግምም» አለች፣ በይ ስለ ተባለች።

ከዚህ በኋላ ነው ያ ታላቅ ስሕተት የተሠራው። በአገራችን ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ፣ ሰካራም ወይም ተንኮለኛ የበረደውን ነገር ዳግመኛ እንዳይቆሰቁስ፣ ካህን ግዝት ይጥላል፤ ይህም ሥርዓት ብዙ ቤት ከመቃጠል፣ ብዙ እናት ማቅ ከመልበስ አድኗል። በልጆች ጠብ ላይ ግን ሲጣል ከዚያ ቀን በፊት ያየ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እንዲያው በልማድ «እሠሩልን መምሬ» አሉ፤ መምሬም እንዲያው በልማድ ተነሥተው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና «ከእንግዲህ ወዲያ ይህን ነገር በቤትም ሆነ በደጅ ያነሣ፣ ያስነሣ፣ የጠየቀ፣ የመለሰ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን» አሉ። ሁሉም «ይሁን» አሉ፤ ትርሲትም «ይሁን» አለች። ዲሬክተሩ በዚህ ደስ ተሰኝቶ፣ እርቁ እንዲጸና ሁለቱ ልጆች ከነገ ጀምሮ በአንድ ዴስክ እንዲቀመጡ አዘዘ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ተመራረቁ፣ ተለያዩ፤ እያንዳንዱም ወደ ቤቱ የሄደው መልካም ሥራ ሠርቶ እንደ ዋለ ሰው ቀለል ብሎት ነው።

የተጣለው ግዝት መናገርን ከለከለ እንጂ ማድረግን አልከለከለም። ይህንን ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በፊት ያስተዋለችው የወርቅውሃ ነበረች፤ በጀርባዋ ላይ የአለንጋው ሰንበር ገና ሳይደርቅ፣ ለዚያ ሰንበር ምክንያት ናት ብላ ካሰበቻት ልጅ ጎን፣ ክንድ ለክንድ አስቀምጠዋት ነበርና። በዴስኩ ሥር ቁንጥጫው ተጀመረ፤ ከቁንጥጫው ወደ መርፌ ተሻገረ። አስተማሪው ጀርባውን ወደ ሰሌዳ ሲያዞር የወርቅውሃ አፏን ወደ ትርሲት ጆሮ አስጠግታ «ንገሪ እንጂ፤ ማን ያዘሽ? ሲኦል በእግርሽ ነው የምትወርጂው ወይስ በቅሎ እናውስሽ?» ትላታለች። አንድ ቀን ከሹሩባዋ አንዱን በምላጭ ቆርጣ በደብተሯ መካከል አኖረችላት። ትርሲት የተቆረጠውን ጉንጉን በሌላው ሥር ደብቃ፣ ሻሽ አሥራ ወደ ቤቷ መጣች። እኔ ከአጥሬ ማዶ ሆኜ ሻሹን አየሁት፤ ከዚያ በፊት አሥራ አታውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልጣሽ ልጇን ግቢ ውስጥ ታጥባት ነበር። ክንዷን ቀና ስታደርግላት እጇ በድንገት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ሰው በብብቱ ይወድቃል?»

ልጅቷ ክንዷን ወደ ጎኗ ሰበሰበች። ውሃው ከጸጉሯ ይንጠባጠባል። እናቲቱ የልጇን ፊት ረዥም ጊዜ አየችው፤ አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተከደነ። «እንግዲያስ ወድቀሽ ነው» አለችና ጣሳውን ሞልታ በላይዋ አፈሰሰችባት። በዚያው ምሽት ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ሰማሁ እንጂ አላደመጥሁም፤ ግድግዳቸው ስስ ነው።

«ዘርጋው፤ ልጅቱን አየሃት ወይ?»

«አልጣሽ፤ ተገዝተናል።»

«አየሃት ወይ ነው ያልሁህ።»

«ማየትም ማንሣት ነው» አላት። ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በትምህርት ቤት የሚሆነውን ትምህርት ቤቱ ያውቅበታል። እኛ ከማን በልጠን ነው?» አለ።

ትምህርት ቤቱም በበኩሉ ይህንኑ ወደ እነርሱ ይመልስ ነበር። የክፍሉ አስተማሪ በትርሲት እጅጌ ላይ ነጥብ ነጥብ ደም አይቶ ለዲሬክተሩ ቢነግር፣ አቶ ልሳነወርቅ «ያ ጉዳይ በሽምግልና አልቋል፤ የቀረ ነገር ካለ የቤተ ሰብ ነው፣ በቤታቸው ይጨርሱት» አለው። አስተማሪውም አዲስ ተቀጣሪ ነበርና እጅ ነሥቶ ወጣ። እንዲህ ሆኖ፣ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ቤት ሲገፋፉ፣ ልጅቷ በሁለቱ ግፊት መካከል እንደ ተጠመደች ቀረች። ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን ማውጣት ተወች፤ የምታውቀውንም አላውቅም ማለት ጀመረች። አንድ ማለዳ ከደጃፋቸው ቆማ «እማዬ፤ ትምህርት ቢቀርብኝስ?» ስትል ሰማኋት። እናቷ «ምን ሆነሽ?» አለቻት። ትርሲት መልስ አልሰጠችም፤ የምትሰጠው መልስ ሁሉ ውግዝት የሚያደርጋት ነበርና። እናቷም ደግማ አልጠየቀችም፤ መጠየቁም የተገዘተ ነበርና። ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ሄደች። አልጣሽ ከዐይኗ እስክትሰወር ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሆነው ዐርብ ቀን ነው፤ ማግሥቱ የሚካኤል ዕለት፣ ማኅበሩም በግራዝማች ቤት ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጫፍ ላይ የተሰበሩ ዴስኮችና ትርፍ አግዳሚዎች የሚከማቹበት፣ መስኮት የሌለው፣ በውጭ በኩል በብረት መቀርቀሪያ የሚዘጋ አንድ ዕቃ ቤት አለ። ከሰዓት በኋላ የወርቅውሃ ትርሲትን «አግዳሚ እንድናወጣ ታዘናል» ብላ ወሰደቻትና ወደ ውስጥ ገፍታ ቀረቀረችባት። ያሰበችው ባንዲራ እስኪወርድ ብቻ ልታስፈራራት ነበር፤ ይህን በኋላ ራሷ ተናግራለች፤ እኔም አምናታለሁ። ነገር ግን ባንዲራው ሳይወርድ የእንጀራ እናቷ የላከቻት ሠራተኛ ከበሩ መጥታ፣ ለማኅበሩ ሥራ ትፈለጋለች ብላ ይዛት ሄደች። ሌሎቹ ልጆችም እያንዳንዳቸው ሌላይቱ ከፍታላታለች ብለው ተበተኑ።

እመት ትኩነሽ በዚያ ማታ በግራዝማች ማድ ቤት ለሥራ ገብተው ነበር። የወርቅውሃ ሽንኩርት እየላጠች ደጋግማ ወደ በሩ ትመለከታለች አሉኝ። በመጨረሻም ወደ እንጀራ እናቷ ቀርባ «እትዬ፤ ትምህርት ቤት የረሳሁት ነገር አለ፤ ልሂድ» አለቻት።

«ምን?»

«አንድ ነገር።»

«ነገር ከሆነ የትም አይሄድም፤ ነገ ታመጪዋለሽ። ላጪ።»

ልጅቷ ታለቅስ ጀመር። በማድ ቤቱ የነበርነው ሁሉ ሽንኩርቱ ነው አልን፣ አሉኝ እመት ትኩነሽ፤ ሲነግሩኝም አንገታቸውን ደፉ።

አልጣሽ ልጇ ብትዘገይባት ቤት ለቤት ጠይቃ፣ በስተ መጨረሻ ግራዝማች ቤት ደረሰች። ግራዝማች ከሽማግሌዎች ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። የወርቅውሃን አስጠርታ «ልጄን አላየሽብኝም?» አለቻት። የወርቅውሃ አባቷን አየች፤ ከአባቷ በስተኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አለንጋ አየች። «አላየሁም» አለች። አልጣሽ ከልጅቷ ዐይን አንድ ነገር አነበበች፤ እናት ናትና። አንድ እርምጃ ቀረብ ስትል ግን ግራዝማች ከመቀመጫቸው ሆነው፣ ሳይቆጡ፣ በዝግታ «አልጣሽ፤ የታረቅነውን ነገር ልታነሺብኝ ነው የመጣሽው?» አሏት።

«ኧረ አይደለም ጌታዬ» አለች፤ እጅ ነሥታም ወጣች።

ከዚያም በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ትርሲት፣ ትርሲት እያለች አለፈች። ዘበኛው ፋኖስ አብርቶ ክፍሎቹን ሁሉ አሳያት፤ ዕቃ ቤቱን ግን አልከፈተም፤ መቀርቀሪያው ከውጭ እንደ ነበረ ነው፣ ከውጭ በተቀረቀረ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው አይገባም ብሎ አሰበ። ዘርጋውም ወደ ወንዙ ወርዶ እስኪነጋ ድረስ ዳርቻውን ሲያስስ አደረ።

ሲነጋ ሰዎች ለማኅበሩ አግዳሚ ሊወስዱ ወደ ዕቃ ቤቱ መጡ፤ መምሬ ፀሐዬም ስለ ጠፋችው ልጅ ሰምተው ነበርና ዘበኛውን ሊጠይቁ ከእነርሱ ጋር ገቡ። መቀርቀሪያው ሲሳብ ትርሲት በተሰበሩት ዴስኮች መካከል እጇን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ተገኘች። አልጮኸችም፣ አልተነሣችም። ማን እንደ ከፈተላት ለማየት ብቻ ቀና አለች።

«ሌሊቱን እዚህ ነበርሽ ልጄ?» አሏት መምሬ።

«አዎ አባ።»

«እናትሽ በዚህ በአጥሩ ሥር እየተጣራች አልፋለች። አልሰማሻትም?»

«ሰማኋት።»

«እንግዲያ ስለምን አቤት አላልሽም?»

ትርሲት በጣም ደክማ ነበርና ቃሉን ቀስ በቀስ አወጣችው። «ቢከፍቱልኝ ማን ዘጋብሽ ይሉኛል። ብናገር ውግዝት ነኝ፤ ብዋሽ ኃጢአት ነው። ሳይጠይቀኝ የሚከፍት ሰው እስኪመጣ ብዬ ነው።»

መምሬ ፀሐዬ ሊወጣ ከተዘጋጀው አግዳሚ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። አግዳሚ ተሸካሚዎቹም እርሳቸው እስኪነሡ ድረስ ቆመው ጠበቁ፤ ረዥም ጊዜ ጠበቁ። ሲነሡ የልጅቷን እጅ ይዘው በቀጥታ ወደ ግራዝማች ቤት ሄዱ።

እኔም በዚያ ማለዳ ለማኅበሩ ሥራ ገብቼ ነበርና፣ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ይህን አይቻለሁ። ማኅበርተኛው ተሰብስቧል፣ ዲሬክተሩ አለ፣ ጽዋው ቀርቧል፣ ዳቦው ተሸፍኗል። አልጣሽና ዘርጋው ተጠርተው መጡ፤ አልጣሽ በልጇ ላይ ተደፋችባት፤ ዘርጋውም፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደ ሆነ፣ ልጁን አቅፎ አለቀሰ። መምሬ ግን ለቡራኬ እጃቸውን አላነሡም።

«መምሬ፤ ጽዋው ቆየ» አሉ ግራዝማች። «ልጅቱ በሰላም ተገኝታለች፤ የቀረው ከምሳ በኋላ ይደርሳል።»

«ጽዋው ዛሬ ይቆይ ግራዝማች» አሉ መምሬ። ከዚያም በሁሉ ፊት መስቀላቸውን በትርሲት ራስ ላይ አድርገው፣ «ሕፃን መሆንሽን ሳላይ ያሠርሁሽን እኔው ፈትቼሻለሁ፤ እኔንም እግዚአብሔር ይፍታኝ። አሁን ማንም አይከለክልሽም። የሆነውን ሁሉ ተናገሪ፤ ሁሉም ይስማሽ» አሏት።

ትርሲት ከፊቷ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየች፤ ዲሬክተሩን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ግራዝማችን አየች፣ ሠራተኞቹን አየች፣ እናቷንና አባቷን አየች።

«ለማንኛቸው ልናገር አባ?» አለች። «የማያውቅ የለም።»

ዲሬክተሩ ከረባቱን ሊያስተካክል እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። ከማድ ቤቱ በኩል፣ ከጎኔ፣ የወርቅውሃ ቢላዋዋን እንደ ያዘች «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ማታ ልነግራቸው ነበር፤ ማንም ስለምን ታለቅሻለሽ አላለኝም» አለች። ግራዝማች ዘወር ብለው አዩዋት፤ ያ አያያቸው ምን እንደሚከተለው በግቢው የነበረ ሁሉ ገባው። ከዚያም ፊታቸውን አሳምረው፣ ከጎናቸው ባዶ የነበረውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ወንድሜ ዘርጋው፤ ና ተቀመጥ። ልጅ ተገኝቷል፣ ነገሩም አልቋል፤ ማኅበሩን አናስቀይም» አሉት። አልጣሽ የልጇን እጅ ይዛ ወደ በሩ ሄዳ ነበር። ከበሩ ላይ ቆማ ባሏን ጠበቀችው፤ ትርሲትም ዞራ ጠበቀችው። ዘርጋው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ወንበሩ አየ። እንባው በፊቱ ላይ ይወርድ ነበር፤ ውሸት የሌለበት እንባ ነበር፤ እያለቀሰም ሄዶ ተቀመጠ። ሌላ ካህን ተነሥተው ጽዋውን ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ማኅበሩም በላ።

የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት መቀርቀሪያ በዚያ ሳምንት ተነቀለ። አቶ ልሳነወርቅ በዓመቱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ተዛወረ። ግራዝማች ውብሸት እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበሩ። የወርቅውሃ ያን ዕለት ተገረፈች፤ በተከታዩ ጥር ወር ለአንድ የቆላ ሰው ተዳረች፤ ከትምህርትም እንደዚያው ቀረች። መምሬ ፀሐዬ ዳግመኛ በሽምግልና አልተቀመጡም፣ ግዝትም ከአፋቸው አልወጣም። አልጣሽ ልጇን ይዛ ወደ እኅቷ አገር ሄደች፤ ጠላ መጥመቋን አልተወችም። ትርሲት በዚያ ትምህርቷን ፈጸመች። ዘርጋው በሞተ ጊዜ ማኅበሩ በክብር ቀበረው፤ ልጁ መርዶ ደርሷት ነበር፤ አልመጣችም።